የጓዳ ውርስ፤ የቤተ ሰብ ምግብ አሠራር በልብ ወለድ ውስጥ

የታሪክ መጻሕፍትን ስንገልጥ በመጀመሪያ የምናገኘው የነገሥታትን ስም፣ የጦርነትን ቀንና የውልን ቃል ነው። ሠራዊቱ በዘመተ ጊዜ ስንቁን ማን እንዳሰናዳ፣ ዳቦውን ማን እንደ ጋገረ፣ ወጡን ማን እንደ ሠራ የሚጽፍልን ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ይህም የሆነው እህል ከጦር ያነሰ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ብዕሩ በአንዱ እጅ፣ ማማሰያው በሌላዋ እጅ ስለ ነበረ ነው እንጂ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ብዕርና ማማሰያ በአንድ እጅ ስለ ተገናኙበት ድርሰት ነው፤ ይኸውም የቤተ ሰብን የምግብ አሠራር ከልብ ወለዱ ታሪክ ጋር አዋሕዶ ስለሚያቀርብ መጽሐፍ ነው። የዚህ ዓይነት ድርሰት በብዙ አገር ይገኛል፤ ነገር ግን ሥሩ ጠልቆ የሚታየው በሜክሲኮ ስለ ሆነ ብዙውን ቃላችንን ለእርስዋ እንሰጣለን። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላውራ ኤስኪቬል የምትባል ሜክሲኮአዊት ደራሲ በ1989 ዓ.ም. አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለቸኮላት እንደ ደረሰ ውሃ» እንደ ማለት ነው። ነገሩን ላላወቀው እንቆቅልሽ ይመስላል። በሜክሲኮ ቸኮላት እየተፈላ የሚጠጣ ነገር ነው፤ በጥንቱም ወግ የሚፈላው በወተት ሳይሆን በውሃ ነው፤ ውሃውም ሊገነፍል እስኪቃረብ ድረስ መፍላት አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው በቍጣ ወይም በፍቅር ሊገነፍል ጥቂት ሲቀረው ለቸኮላት እንደ ደረሰ ውሃ ሆነ ይባላል። መጽሐፉ በ1992 ዓ.ም. በአልፎንሶ አራው አዘጋጅነት በሲኒማ ከወጣ በኋላ በብዙ አገር ታወቀ፤ የሲኒማውንም ጽሑፍ የጻፈችው ራስዋ ደራሲዋ ናት።

ድርሰቱ በ12 ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ወር ስም ይጠራል፤ በየምዕራፉም ራስ የአንድ ምግብ አሠራር ከነቅመሙ ተጽፎአል። በጥር የገና ዳቦ፣ በየካቲት የሠርግ ኬክ፣ በመጋቢት ድርጭት በጽጌረዳ አበባ መረቅ፣ በሐምሌ የበሬ ጅራት ሾርባ፣ እንዲህ እያለ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በሰኔ ግን የተጻፈው የምግብ አሠራር ሳይሆን የክብሪት አሠራር ነው፤ ይህም የገባው በከንቱ አለመሆኑን አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

ደራሲዋ ከመጽሐፉ ስም በታች፣ ይህ በየወሩ የሚወጣ፣ የምግብ አሠራርና ፍቅር የቤትም መድኃኒት ያለበት ልብ ወለድ ነው ስትል አስታውቃለች። እንዲህ ማለትዋ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ለሴቶች ተብለው በሚታተሙ መጽሔቶች የልብስ ስፌት ልክ፣ የምግብ አሠራር፣ የቤት መድኃኒትና በየክፍሉ የሚቀጥል የፍቅር ታሪክ ጐን ለጐን ይወጡ ነበር። ብዙዎች የተማሩ ወንዶች እነዚህን ገጾች እንደ ዋዛ ይመለከቱአቸው ነበር። ኤስኪቬል የተናቀውን መልክ እንዳለ አንሥታ ትልቅ ነገር ተናገረችበት።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ግን ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልገናል። በ17ኛው መቶ ዓመት በሜክሲኮ ከተማ በቅዱስ ሄሮኒሞስ ገዳም ሶር ኹዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩስ የምትባል መነኵሲት ነበረች። ባለቅኔና ሊቅ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ግን ሴት መማርዋ እንደ ድፍረት ይቈጠር ስለ ነበረ በብዙ ተነቀፈች። በ1691 ዓ.ም. ለፑዌብላ ጳጳስ በጻፈችው መልስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ትተርካለች። አንዲት የገዳም አለቃ ማጥናት እንድትተው ባዘዘቻት ጊዜ ለሦስት ወር ያህል መጽሐፍ አልነካችም፤ ዓይንዋንና ልብዋን ግን መከልከል አልተቻላትም። ወጥ ቤት ገብታ እንቍላል በቅቤ ወይም በዘይት ሲጠበስ እንደሚያያዝ፣ በስኳር ውሃ ሲገባ ደግሞ እንደሚበታተን ተመለከተች፤ አስኳሉና ነጩም ጠባያቸው የተለያየ መሆኑን አስተዋለች። ከዚያም በኋላ፣ አሪስጣጣሊስ ወጥ ቢሠራ ኖሮ ከጻፈው የበለጠ በጻፈ ነበር የሚል ሐሳብ ጨመረችበት። እኛ ይህን ስናነብ ሳቅም መጣብን፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ሳቅ ብቻ አለመሆኑ ገባን። መጽሐፍ የተዘጋባት ሴት ምድጃውን መጽሐፍ አደረገችው። ጓዳው ለእርስዋ እስር ቤትም ትምህርት ቤትም ነበረ።

የሜክሲኮ ወጥ ቤት ትምህርት ቤት መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ምስክር እናምጣ። የአገሩ ሴቶች ከ3000 ዓመት በላይ በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ልጡን አጥበው፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው ቶርቲያ የሚባለውን ቂጣ ይጋግራሉ። እስፓንያውያን በቆሎውን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ይህን የኖራውን ነገር ትተውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሰሜን ኢጣልያና በሌላም ስፍራ ከበቆሎ በቀር የሚበላው የሌለው ደኻ ፔላግራ በሚባል በሽታ ቈዳው ይቈስል፣ አእምሮውም ይታወክ ጀመር። የሚያድነው ኒያሲን የሚባለው ቪታሚን መሆኑ የታወቀው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ በበቆሎ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ይህን ቪታሚን ፈትቶ ለሰውነት የሚያደርሰውም ያ የኖራ ውሃ ነበረ። ሊቃውንቱ ደክመው የደረሱበትን የሜክሲኮ ሴቶች ከምድጃቸው አጠገብ ይሠሩበት ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች በበቆሎአቸው ያፍሩ ነበር። ሜክሲኮ በ1821 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ በ1831 ዓ.ም. የሜክሲኮን ምግብ አሠራር የሚያስተምር ታላቅ መጽሐፍ ታተመ፤ ከዚያም ወዲያ ብዙ ተከታዮች ወጡ። ይሁን እንጂ በባለጸጎች ገበታ ላይ የሚከበረው የስንዴ ዳቦና የፈረንሳይ ወጥ ነበረ። በ1899 ዓ.ም. ፍራንሲስኮ ቡልኔስ የተባለ የፖለቲካ ሰው የሰውን ዘር በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ በላተኞች ከፍሎ፣ በእውነት ወደ ፊት የሚራመደው ስንዴ የሚበላው ብቻ ነው ሲል ጻፈ። ስንዴ የሰውን ልጅ የሚያሠለጥን ከሆነ ጤፍ የምንበላ እኛ ከየትኛው ክፍል እንደምንገባ ቢጠየቅ ምን ይል ኖሮአል!

ወደ ልብ ወለዱ እንመለስ። ታሪኩ የሚሆነው ሜክሲኮ ከአሜሪካ ጋር በምትዋሰንበት በፒየድራስ ኔግራስ አቅራቢያ ባለ አንድ የከብት እርባታ ቦታ ነው፤ ዘመኑም በ1910 ዓ.ም. የተነሣው የሜክሲኮ አብዮት ዘመን ነው። ማማ ኤሌና የሚሉአት ባል የሞተባት ኃይለኛ እመቤት ሦስት ሴቶች ልጆች አሉአት። በቤተ ሰቡ ልማድ የመጨረሻይቱ ልጅ አታገባም፤ እናትዋን እስከ ሞትዋ ድረስ ትጦራለች። የመጨረሻይቱ ልጅ ቲታ ናት። ቲታ የተወለደችው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የእናትዋ ወተት ስለ ደረቀም ያሳደገቻት ናቻ የምትባለው አሮጊት ወጥ ሠሪ ናት። ፔድሮ የሚባል ጐልማሳ ቲታን ለማግባት ሽማግሌ ይዞ ቢመጣ ማማ ኤሌና ከለከለችው፤ በእርስዋ ፈንታ ታላቅ እኅትዋን ሮሳውራን ውሰድ አለችው። እርሱም ከቲታ በአንድ ቤት ለመኖር ሲል እሺ አለ።

እንግዲህ የየካቲቱን ኬክ የምትጋግረው ቲታ ናት። የምትወደው ሰው ከእኅትዋ ጋር ለሚጋባበት ሠርግ ኬክ እንድትጋግር ታዘዘች። አሠራሩ 17 እንቍላል ይላል፤ እንግዶቹ ግን 180 ስለሆኑ ሁሉ በአሥር ተባዝቶ 170 እንቍላል አስፈለገ። ደራሲዋ እዚህ ላይ አትቸኵልም። እንቍላሉ እየተሰበረ ከስኳሩ ጋር ሲመታ፣ ዱቄቱ ሲነፋ፣ የልጅቱም እንባ ወደ ሊጡ ሲወርድ አንዱን ከሌላው ሳትለይ ትተርካለች። በማግሥቱ ኬኩን የበሉ እንግዶች ሁሉ የጠፋባቸውን ፍቅር እያስታወሱ ያለቅሱ፣ ያስመልሳቸውም ጀመር። ናቻም ኬኩ የሚሸፈንበትን የስኳር ቅባት ቀምሳ ስለ ነበረ፣ በወጣትነትዋ የተከለከለችውን የእጮኛዋን ፎቶግራፍ እንደ ያዘች ሞታ ተገኘች። እርሱን ያባረረው የዚያው ቤት ሰው ነበረ።

በዚህ ዓይነት የምግብ አሠራሩ ጌጥ መሆኑ ይቀርና ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ይሆናል። ቲታ በአፍዋ እንዳትናገር የተከለከለችውን ሁሉ በወጡ ትናገራለች፤ በመጋቢትም ፔድሮ የሰጣትን ጽጌረዳ ጥላ በማጥፋት ፈንታ ለድርጭቱ መረቅ አደረገችው። እኅትዋ ኼርትሩዲስ ያን በልታ ሰውነትዋ ስለ ነደደ ከቤት ወጥታ ከአብዮት ወታደሮች ጋር ሄደች፤ በኋላም የጦር አዛዥ ሆነች። ይህ እንደ ተረት ያለ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ማርያኖ አሱዌላ በ1915 ዓ.ም. ስለ አብዮቱ የጻፈውን ታላቅ ልብ ወለድ የመሰሉት መጻሕፍት ጦርነቱን ከፈረስ ላይ ሆነው ሲያሳዩን፣ ይህ ግን ወታደሩ ዶሮና በቆሎ ፍለጋ ደጅ ሲመታ በውስጥ ሆኖ ያየውን ይነግረናል። ለሕዝቡ ጦርነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ መልክ አይደለምን?

ስለ ልክ ጥቂት እንጨምር። የታተመ አሠራር ይህን ያህል ግራም፣ ይህን ያህል ደቂቃ ይላል። ባገራችን ግን አንዲቱን ባለሙያ እናት ድፎ ዳቦው ስንት እርሾ እንደሚገባው ብንጠይቅ፣ በልኩ ነው ትላለች፤ ልኩ ስንት ነው ብንላት፣ እጅሽ ያውቀዋል ትላለች። ኮባው ተነጥፎ ሊጡ ሲገለበጥ አይቶ የተማረ ይማራል፤ ያላየ ግን በወረቀት አያገኘውም። የኤስኪቬል ብልሃት ይህን ጕድለት ማወቅዋ ነው። በየምዕራፉ አሠራሩን ትጀምርና፣ ሽንኵርቱ ሲከተፍ አንድ ትዝታ ይመጣል፣ ትዝታው ታሪክ ይሆናል፤ ታሪኩ ሲያበቃ ወጡ ደርሶአል። በግራም የማይጻፈውን እጅ በታሪክ ጻፈችው ማለት ነው።

የመስከረሙን ምዕራፍ እኛ ከሁሉ አብልጠን ወደድነው። ርእሱ ቸኮላትና የሰብአ ሰገል ዳቦ ነው። ይህ ዳቦ በጥር 6 ቀን የሚጋገር፣ ክብና መካከሉ ክፍት የሆነ የስንዴ ዳቦ ነው፤ እስፓንያውያን ይዘውት የመጡ ነው። በሊጡ ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ይቀበራል፤ በቍራሹ ውስጥ አሻንጉሊቱን ያገኘ ሰው በየካቲት 2 ቀን ጓደኞቹን በበቆሎ በተሠራ ታማል በሚሉት ምግብ ይጋብዛል። ከዳቦው ጋር የሚጠጣው ቸኮላት ደግሞ እስፓንያውያን ሳይመጡ የአገሩ ሰዎች ይጠጡት የነበረው ነው። ቡልኔስ ያለያያቸው ስንዴና በቆሎ፣ የባሕር ማዶውና የአገሩ፣ በአንድ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል። የታኅሣሡ ምግብም እንዲሁ ነው፤ ባገራችን ስንግ እንደሚባለው ቃሪያ ሆዱ በሥጋና በፍራፍሬ ተሞልቶ፣ ዋልነት ከሚባለው ፍሬ በተሠራ ነጭ መረቅ ይሸፈናል፤ በላዩም ቀይ የሮማን ፍሬ ይበተናል። አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ የሜክሲኮ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ነው። የፑዌብላ መነኵሲቶች በ1821 ዓ.ም. ለነጻነቱ መሪ ለኢቱርቢዴ ክብር መጀመሪያ እንደ ሠሩት በአፈ ታሪክ ይነገራል።

ይህን መጽሐፍ የሚነቅፉም አልታጡም። ሴትን ከምድጃ ለማውጣት ስንት ሲደከም እርስዋ ምድጃውን አስውባ ታሳየናለች የሚሉ ነበሩ። ነቀፋው ከንቱ ባይሆንም መጽሐፉን በሙሉ አላየም እንላለን። በዚያ ቤት የሚወረሰው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው የምግብ አሠራሩ፣ ሁለተኛው የመጨረሻይቱ ልጅ አታግባ የሚለው ደንብ ነው። ሁለቱም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም ልማዳችን ነው ይባላሉ። ቲታ ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው፣ እርስዋስ ስታረጅ ልጅ ከሌላት የሚጦራት ማን ነው ብላ በልብዋ ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የለም። ሮሳውራ ኤስፔራንሳ የምትባል ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ ደንቡን በሕፃንዋ ላይ ልትደግመው ፈለገች። ቲታ ግን እስከ መጨረሻው ተከራከረች። ባልትናውን ለልጅቱ አስተማረቻት፤ ደንቡን ግን እንዳይደርስባት ከለከለች። በታኅሣሥ ምዕራፍ ያ ቃሪያ የሚቀርበው በኤስፔራንሳ ሠርግ ላይ ነው።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው፤ የናቻ ጕዳይ። አሠራሩ የቤተ ሰቡ ነው ይባላል፤ መጽሐፉም በቤተ ሰቡ ስም ይወረሳል። ለቲታ ያስተማረቻት ግን የቤቱ አገልጋይ ናት። ቲታ በቸገራት ጊዜ ሁሉ የሞተችው ናቻ ድምፅ በጆሮዋ እየመጣ ያስታውሳታል፤ ይህን ደራሲዋ በፍቅር ጽፋዋለች። ሆኖም ናቻ የራስዋ ልጅ፣ የራስዋ ቤት፣ ስምዋ የተጻፈበትም ደብተር የላትም። በየአገሩ ስንት የታወቀ የእመቤት ወጥ በሌላ ሴት እጅ የተሠራ ይሆን? መጽሐፉ ጥያቄውን ያነሣል፤ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቅበትም።

በሌሎችም አገሮች የተሠራውን በአጭሩ እንጥቀስ። ፈረንሳዊው ማርሴል ፕሩስት በ1913 ዓ.ም. በሻይ የተነከረች አንዲት ትንሽ ኬክ የልጅነትን ዘመን በሙሉ ስታስታውስ አሳይቶአል፤ ኬኳ እንዴት እንደምትጋገር ግን አልነገረንም፤ ቀማሽ እንጂ ጋጋሪ አልነበረምና። ኦስትርያዊው ዮሐንስ ማርዮ ዚመል በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳይወድ ሰላይ የሆነ አንድ የባንክ ሰው በየደረሰበት ወጥ እየሠራ ከመከራ ያመልጣል፤ አሠራሩም አብሮ ታትሞአል። በአሜሪካ ንቶዛኬ ሻንጌ በ1982 ዓ.ም. ስለ ሦስት ጥቁር እኅትማማቾች በጻፈችው ውስጥ የእናታቸው ደብዳቤና የገና ምግብ አሠራር ከታሪኩ ጋር ተሸምኖአል። ኖራ ኤፍሮን ደግሞ በ1983 ዓ.ም. የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊ የሆነች እርጉዝ ሴት ባልዋ እንደ ከዳት ስታውቅ የሚሆነውን ጻፈች፤ ሴትዮዋ በመጨረሻ በገዛ እጅዋ የሠራችውን የሎሚ ኬክ በባልዋ ፊት ላይ ትለጥፈዋለች። አሠራሩን ከነልኩ ስለምትሰጠን የሚፈልግ ሁሉ ሊጋግረው ይችላል፤ ለምን ጕዳይ እንደሚያውለው ግን የራሱ ፈንታ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ነገሩ እንደ ገበያ ሸቀጥ በዛ። ዳያን ሞት ዴቪድሰን ምግብ አቅራቢዋን፣ ጆአን ፍሉክም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ብስኩት ጋጋሪዋን የነፍስ ግድያ መርማሪ እያደረጉ ተከታታይ መጻሕፍት አወጡ። ጊዜ ለማሳለፍ መልካም ናቸው፤ ኬኩም ሳይጣፍጥ አይቀርም። ነገር ግን በእነዚህ ውስጥ አሠራሩን ቈርጠን ብናወጣው ነፍሰ ገዳዩ ያው ይያዛል። ከቲታ የሠርግ ኬክ ላይ አሠራሩን ብናወጣ ግን የሚቀረን ታሪክ የለም።

የቲታ ፍጻሜ እሳት ነው። የሰኔው ክብሪት ጕዳይ እዚህ ላይ ይደርሳል፤ የከብት እርባታው ቦታ በሙሉ ተቃጥሎ አመድ ሆነ። ኤስፔራንሳ ከሠርግዋ ጕዞ ስትመለስ ከአመዱ በታች ያገኘችው የቲታን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ብቻ ነው። በሞተችም ጊዜ ለልጅዋ አወረሰችው፤ ይህችም ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ስትተርክልን የቈየችው ናት። መጽሐፉን ይዛ ወጥ ቤት ገብታ የምትሠራውም በጥር ምዕራፍ የተጻፈውን የገና ዳቦ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን፣ ግማሽ ቋሊማ፣ አንድ ሽንኵርት፣ ቃሪያና አሥር ዳቦ። ከዚህ የቀለለ ምግብ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሽንኵርቱን ስትከትፍ እንደ ቲታ እንባዋ ይወርዳል፤ አንዱንም ሳታጓድል እንደ ተጻፈው ታደርጋለች፤ እንዲያም ሆኖ ዳቦው የእናትዋን ዳቦ የማይመስልበትን ምክንያት አላውቅም ትላለች።